ከሰባተኛው ፉጨት በላይ

ጎፋ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለተካ

ሰላምታዬ ከወረቀቱ ቀድሞ ይድረስህ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም አለን። እናትህን ባለፈው እሑድ መካኒሳ አቦ ሄጄ ጠይቄያታለሁ፤ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። ባለቤቴ ትሩፋትም ሰላም በልልኝ ብላለች።

የላክኸው አምፕሊፋየር ደርሷል። ሰውዬው ከላይፕዚግ እስከ ቦሌ እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ነው ያመጣው። እግዜር ይስጥህ።

እንደምታውቀው ክፍለ ጦሩ ሲበተን የሙዚቃ ባንዱም አብሮ ተበተነ። ሃያ ሁለት ዓመት ቤዝ ጊታር ተጫውቼ ወደ ቤቴ የገባሁት ጊታሬን ብቻ ይዤ ነው። አሁን ሦስት ሆነን ጀምረናል፤ ድራም የሚመታው ፈየራ የሚባል የመካኒሳ ልጅ ነው፤ ኪቦርድ የምትጫወተውና የምትዘፍነው ሲና ትባላለች። እዚሁ ሰፈራችን ያለ ሆቴል ቅዳሜ ቅዳሜ ቀጥሮናል። ሠርግም እንጠራለን። ዘንድሮ ጥር ላይ ስማችን ከወጣ ወጣ፤ ካልወጣ ግን በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ሌላ ሙያ ልማር አልችልም።

አሁን ወደ ችግሬ ልግባ። ሁለት የስፒከር ሣጥን አለኝ። አንዱን ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው የገዛሁት፤ ሌላውን መካኒሳ ያለ አናጢ ከዋንዛ ሠራልኝ፤ ውስጡ ያለው ስፒከር ከየት እንደመጣ እሱም አያውቅ። ሁለቱን አንድ ላይ ስሰካቸው አምፕሊፋየሩ ግማሽ ሰዓት ይሠራና እንደ ካውያ ይግላል፤ ከዚያ ዝም። ባለፈው ሳምንት ሙሽሮቹ ሊጨፍሩ ከተነሱ በኋላ ዝም አለብኝ። ፈየራ ድራሙን ብቻውን ሲደበድብ ቆይቶ አዳነን። ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ «4» የሚል ቁጥር አለ፤ አጠገቡ የፈረስ ኮቴ የመሰለች ምልክት ተጽፋለች። ምንድን ናት? እኔ በዕድሜዬ ሁሉ የዕቃውን ፊት እንጂ ጀርባውን አይቼ አላውቅም፤ ባንድ እያለን የሚሰካልን ሌላ ወታደር ነበር።

ቶሎ መልስ ስጠኝ።

ራጉኤል


ላይፕዚግ
ኅዳር 3 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለእናቴ የአጎት ልጅ፣ ለተከበሩ ጋሼ ራጉኤል

ጤናዎን አምላክ ይጠብቅልኝ። ለእትዬ ትሩፋት የአክብሮት ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ የምሠራበት የድምፅ ዕቃ መጠገኛም ሥራ አላጣም።

ያቺ የፈረስ ኮቴ ኦም ትባላለች። ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው እምቢታ መለኪያ ናት። ቁጥሩ ባነሰ መጠን እምቢታው ይቀንሳል፤ አምፕሊፋየሩም ያለ ልክ ያፈሳል። የእርስዎ አምፕሊፋየር ከአራት በታች አታውርዱኝ ነው የሚለው። ሁለት ሣጥን ጎን ለጎን ሲሰካ ደግሞ ቁጥሩ አይደመርም፤ ይቀንሳል። አንድ አዳራሽ ሁለት በር ሲከፈትለት ሰዉ ቶሎ እንደሚወጣ አድርገው ይቁጠሩት። ስምንትና ስምንት አራት ይሆናሉ፤ ይህ ጥሩ ነው። አራትና አራት ግን ሁለት ይሆናሉ፤ ዕቃውን ያቃጥሉታል።

መለኪያ ያለው ራዲዮ ጠጋኝ ይፈልጉ። ሽቦውን ከአምፕሊፋየሩ ነቅለው ሣጥኖቹን ለየብቻ ያስለኩ። መለኪያው ስድስት ገደማ ካሳየ ስፒከሩ ባለ ስምንት ነው፤ ሦስት ገደማ ካሳየ ባለ አራት ነው። ቁጥሩን ይጻፉልኝ። እስከዚያው ሁለቱን አብረው እንዳይሰኩ አደራ።

አክባሪዎ ተካ


ጎፋ
ታኅሣሥ 6 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተካ

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን።

እንዳልከው አደረግሁ። ሣጥኖቹን በጋሪ ጭኜ ብስራተ ገብርኤል ወዳለው ራዲዮ ጠጋኝ ወሰድኳቸው፤ ከበበው ይባላል። ከበበው መለኪያውን አስነክቶ ሦስት ከምናምን አለ። ሁለተኛውንም ነካና ሦስት ከምናምን አለ። ከዚያ ሁለቱን አገናኝቶ ለካና ሳቀ።

«አባቴ፣ ይቺ ዕቃ እስከ ዛሬ መኖሯ ተአምር ነው» አለኝ።

ለካ ገዳይዋ እኔ ነበርኩ! አሁን በአንድ ሣጥን ብቻ እየተጫወትኩ ነው። አትግልም፤ አትጠፋም። ግን አንድ ሣጥን ለሠርግ ድንኳን አይበቃም። ባለ ስምንት ስፒከር እዚህ ጠይቄ አጣሁ። እዚያ ከተገኘና ለአንተ የማይከብድህ ከሆነ አስብበት።

ራጉኤል


ላይፕዚግ
የካቲት 2 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ራጉኤል

የጥር ወሩ ሠርግ በሰላም እንዳለፈ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሁለት ስፒከሮች ልኬያለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ሰው ይዟቸዋል። ባለ አሥራ አምስት ኢንች፣ ሁለቱም ባለ ስምንት ኦም ናቸው። እያንዳንዱ ሁለት መቶ ዋት ይችላል። አምፕሊፋየሩ የሚሰጠው ሦስት መቶ ስለሆነ ለሁለት ሲካፈሉት አይጎዱም። ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን የሚበላሸው ስፒከር አቅሙ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ሳይተያይ የተገዛ ነው።

ሣጥኖቹን ከመዝጋትዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ። የራዲዮ ድንጋይ ወስደው አናቱን ከስፒከሩ ቀይ ምልክት ጋር፣ ቂጡን ከሌላው ጋር ለቅጽበት ያነካኩ። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊት ዘለል ይላል። ሁለቱም እኩል ወደ ፊት መዝለል አለባቸው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ከገባ እርስ በርስ ይበላላሉ፤ ቤዙ ከአዳራሹ ይጠፋል።

አክባሪዎ ተካ


ጎፋ
ሰኔ 11 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተካ

የአባቶቻችን አምላክ ይባርክህ። ስፒከሮቹ ደርሰዋል። ከበበው ገጠማቸው። በድንጋይ ሞከርናቸው፤ እንደ ሁለት ምልምል ወታደር እኩል ወደ ፊት ወጡ። ሲለካ አራት ሆነ። አምፕሊፋየሩ ስድስት ሰዓት ቢሠራ ለብ ከማለት በቀር አይግልም።

ነገር ግን ድምፁ አላረካኝም። እንዴት ልበልህ? ጉልበቱ አለ፤ እግሬ ሥር ወለሉ ሲርድ ይሰማኛል፤ ጣቴ ክሩን ሲነካ የሚወጣው ጥራት ግን የለም። ጋቢ የደረበ ሰው የሚናገር ይመስላል። ጉልበቱን እጨምራለሁ፤ ያው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከሆቴሉ መደርደሪያ ሦስት ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ፤ ባለቤቱ ሰውዬ ተቆጣኝ። ጥፋቱ የመደርደሪያው ነው።

ፈየራም ድራሙን ወደ ማዶ አሸሽቷል፤ ከበሩ ነፋስ ይመታኛል ይላል። ደግሞ አዲስ አመል አምጥቷል፤ ዘፈን ልንጀምር ስንል ሁለቱን ዱላ እንደ ባንዲራ ሰቅሎ ያሳየኛል። ወጣት ስለሆነ ትያትር ይወዳል። ትሩፋት ጥርሷን ካስነቀለች ወዲህ ንግግሯ ተለውጧል፤ ቃሉን እያኘከች ነው የምታወራው። ለሐኪም አሳዪ ብላት እምቢ አለችኝ።

እኔ የማስበው ባለ አምስት መቶ ዋት አምፕሊፋየር እንደሚያስፈልገኝ ነው። ሣጥኑ ላይም ቀጭን ድምፅ የምታወጣ ትንሽ ጡሩንባ መጨመር አለባት። አንተ ምን ትላለህ? ጥር ሩቅ አይደለም።

ራጉኤል


ላይፕዚግ
ጥቅምት 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ራጉኤል

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልዎ። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

የጻፉልኝን ቁጥሮች ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። አምፕሊፋየሩና ሣጥኖቹ በትክክል ተስማምተዋል። እዚህም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አልገጥምም ነበር። ስለዚህ ሌላ ዕቃ ከመላኬ በፊት ጉድለቱ የት እንዳለ መለየት ይኖርብኛል።

ከዚህ ጋር አንድ ካሴት አለ። አሥራ ሁለት ፉጨት ቀድቼበታለሁ። የመጀመሪያው እንደ ቤዝ ወፍራም ነው፤ እየቀጠነ ሄዶ አሥራ ሁለተኛው እንደ ትንኝ ይሆናል። ከእያንዳንዱ በፊት ቁጥሩን በድምፄ እጠራለሁ። መጀመሪያ በቤት ቴፕ፣ ቀጥሎ በሣጥኑ ያዳምጡት። የሰሙትን ቁጥር በወረቀት ላይ ምልክት ያድርጉበት። እትዬ ትሩፋትም በሌላ ወረቀት ለብቻቸው ምልክት ቢያደርጉ ደስ ይለኛል፤ አንድ ሰው ሲጽፍ ሊሳሳት ይችላል።

አክባሪዎ ተካ


ጎፋ
ታኅሣሥ 14 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተካ

ሰላም ለአንተ ይሁን።

ካሴቱ መንገድ ላይ ተበላሽቶብሃል። እስከ ሰባት ድረስ ደህና ነው። ከስምንት ጀምሮ አንተ ቁጥሩን ትጠራለህ፤ ከዚያ ባዶ ነው። በቤት ቴፕም፣ በሣጥኑም ያው ነው። ምናልባት የፖስታ ቤቱ ሙቀት ይሆናል። ወረቀቴን ልኬልሃለሁ። ትሩፋትን አላስቸገርኳትም፤ የእሷ ጉዳይ አይደለም።

የሆቴሉ ባለቤት ቅዳሜያችንን በሁለት ሳምንት አንዴ አደረገብን። ሥራ ቀዝቅዟል ይላል። ስለ አምስት መቶ ዋቱ ምንም ሳትለኝ ቀረህ።

ራጉኤል


ላይፕዚግ
የካቲት 1 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ራጉኤል

ጤና ይስጥልኝ።

ሌላ ካሴት ልኬያለሁ። ይህንን ፖስታ ውስጥ ከመክተቴ በፊት ሁለት ጊዜ አዳምጬዋለሁ፤ አሥራ ሁለቱም አሉ። እባክዎ እትዬ ትሩፋት ባሉበት ያጫውቱት።

አክባሪዎ ተካ


ጎፋ
ሐምሌ 8 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተካ

አራት ወር ዝም ያልኩት ሰላምታ ጠፍቶኝ አይደለም። ዛሬም ቢሆን እየጻፍኩ ያለሁት ሦስተኛውን ወረቀት ነው፤ ሁለቱን ቀድጃቸዋለሁ።

ካሴትህ የደረሰኝ መጋቢት ላይ ነው። ትሩፋት ባለችበት አጫውት ብለህ ስለ ጻፍክ ተናደድኩ፤ ሆን ብዬ ገበያ የምትወጣበትን ቀን ጠበቅሁ። ቴፑን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ስድስት። ሰባት። ከዚያ ስምንት ብለህ ጠራህና ዝም አልክ። አሁንም ተበላሸ ብዬ ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፈትኩት። ዘጠኝ። ምንም። አሥር ብለህ ስትጠራ ቤቱን ጮህክበት፤ ከዚያ ምንም።

ትሩፋት ዘንቢሏን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ አየኋት። እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች።

«ምንድነው ይሄ ፉጨት? ከመንገድ ጀምሮ እኮ ነው የሚሰማው! ዝጋው በናትህ» አለችኝ።

«የቱ ፉጨት?»

«ይሄ ነዋ!»

ዘንቢሏን አስቀምጣ ፊቴን አየችው። እኔም የእሷን አየሁ።

«አሁንም አለ?» አልኳት።

«አለ።»

ቴፑን አጠፋሁት።

«አሁንስ?»

«አሁን ቆመ» አለች። ለእኔ ግን ምንም የቆመ ነገር አልነበረም፤ ቀድሞም ዝም ያለ ቤት ነበር።

ወደ ስምንት አጠንጥኜ መልሼ ከፈትኩት። ስምንትን ሰማች። ዘጠኝን፣ አሥርን፣ አሥራ አንድን፣ አሥራ ሁለትን ሰማች። እያንዳንዱ ሲመጣ እጇን ታነሳልኛለች። እኔ የማየው እጇን ብቻ ነው። ሲያልቅ አጠገቤ ተቀመጠችና «ጥርሴ አይደለም እኮ ራጉኤል» አለችኝ። ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ እያኘክሽ ነው የምታወሪው ስላት ዝም ብላ ችላኛለች።

በማግሥቱ መካኒሳ ሄድኩና ፈየራን አስጠራሁት።

«ስለ ጆሮዬ ታውቅ ነበር?» አልኩት። መሬት መሬት አየ።

«ጋሽ ራጉ፣ ሲና ‹አንድ፣ ሁለት› ብላ ስትጀምር እርስዎ አይሰሙም። ለዚህ ነው ዱላውን የማሳይዎት።»

«ድራሙን ያሸሸኸውስ?»

«ደረቴን እያመመኝ ነዋ! ሣጥንዎ አጠገብ መቀመጥ አልቻልኩም። የሆቴሉ ሰውዬም እንግዳ ሸሸብኝ እያለ ነው።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ማን ይንገርዎት? እኔ ልጅዎ አይደለሁ?»

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በግራና በቀኝ አስደመጠኝና ወረቀት ላይ መስመር ሠራ፤ መስመሩ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ገደል ይገባል። ምን ሥራ ነበረህ አለኝ። ሙዚቀኛ አልኩት። የት አለኝ። ጦር ሜዳ አልኩት። መድፍ አጠገብ ቆመን የተጫወትንበትን ቀን ነገርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ከስፒከር ፊት እንደ ቆምኩም ነገርኩት። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ጠብቅ ብሎ አሰናበተኝ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንደ ወንድ መልስልኝ። አንተ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?

ራጉኤል


ላይፕዚግ
ነሐሴ 2 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ራጉኤል

ደብዳቤዎ በአሥራ ስድስት ቀን ደረሰኝ። እንደ ጠየቁኝ እመልሳለሁ።

ያወቅሁት የዛሬ ዓመት በሰኔ ነው። ስለ ጋቢው፣ ስለ ብርጭቆውና ስለ እትዬ ትሩፋት ጥርስ የጻፉልኝ ዕለት። እዚህ የሚመጡ የድሮ ሙዚቀኞችም ልክ እንደ እርስዎ ነው የሚናገሩት፤ መጀመሪያ ዕቃውን፣ ቀጥሎ አዳራሹን፣ በመጨረሻ ሚስታቸውን ይወቅሳሉ። አራት ወር የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። እርስዎ ታላቄ ነዎት፤ ጆሮዎ ደክሟል ብዬ መጻፍ አልቻልኩም። ስለዚህ ካሴቱ እንዲነግርዎ አደረግሁ። ይህ ድፍረት እንዳልነበረ አውቃለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ስለ ዕቃው የምለው ይህን ብቻ ነው። አምስት መቶ ዋት አያስፈልግዎትም። ያለዎትን ወደ ግማሽ ያውርዱት። ሣጥኑን ከጆሮዎ ያርቁና ከእንጨት መድረክ ጋር ያነካኩት፤ ወፍራሙ ድምፅ በእግርዎ ይመጣልዎታል። የጆሮ መድፈኛ አብሬ ልኬያለሁ።

ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት ብዙ ካሰብኩ በኋላ ነው። እርስዎ ስለ ራስዎ ያንን ያህል ከጻፉልኝ በኋላ እኔ የምደብቀውን ይዤ መቀጠል አልሆነልኝም። ልጅ አለችኝ። አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ የዚህ አገር ሴት ናት። አልተጋባንም፤ ተለያይተናል፤ ልጅቷ አንድ ሳምንት እናቷ ዘንድ፣ አንድ ሳምንት እኔ ዘንድ ትሆናለች። ካሴቱን ስቀዳ ቁልፉን ስትጫንልኝ የነበረችው እሷ ናት። እናቴ አታውቅም። በየደብዳቤው ሙሽራዬን መቼ እንደምታይ ትጠይቀኛለች፤ እኔም በየደብዳቤው ስለ አየሩ እጽፍላታለሁ።

እስከ ዛሬ እርስዎ ሲጠይቁ እኔ እልክ ነበር። አሁን እኔ ልጠይቅዎ። እናቴ ዘንድ ሄደው ይንገሩልኝ።

አክባሪዎ ተካ


ጎፋ
መስከረም 21 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለተካ

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰህ፤ ለልጅህም እንዲሁ።

መጀመሪያ ስለ ሥራው ልንገርህ። ሣጥኖቹን ከኋላ አድርጌ ጫማዬን አውልቄ መድረኩ ላይ ቆሜ ነው የምጫወተው። የአምፕሊፋየሩን ጉልበት የምትወስነው ሲና ናት። በጥፍር ቀለሟ ቀይ ነጥብ አድርጋበታለች፤ ከነጥቧ በላይ እንዳልነካ ተስማምተናል። አንዳንዴ እጄን ይበላኛል። ፈየራ ድራሙን ወደ ቦታው መልሷል። የሆቴሉ ሰውዬ ቅዳሜያችንን ገና ሙሉ በሙሉ አልመለሰልንም፤ እናያለን ብሏል። ስንት ዓመት እንደምቆይ አላውቅም። በአንተ ለአንድ ቀን ተቀይሜ ነበር፤ በማግሥቱ አለፈልኝ።

አሁን ስለ ላክኸኝ ጉዳይ። የመስቀል ማግሥት ነው የሄድኩት። ይህን ቀን የመረጥኩት ሰው ደስ ብሎት የሚሰነብትበት ስለሆነ ነው። እናትህ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ሳላንዛዛ ነገርኳት። ልጅ አለችው፤ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ ጋር አልተጋቡም አልኳት። እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ። ቀና አላለችም።

ከዚያ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንድም ቃል አልሰማሁም። ተካ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዎች ሲያናግሩኝ ሳልሰማ አንገቴን እየነቀነቅሁ ሳልፍ ነበር። ያን ዕለትም ልነቀንቅ ነበር። ረግማህ እንደሆነ፣ መርቃህ እንደሆነ ሳላውቅ አንገቴን ነቅንቄ ልመለስ።

«እህቴ፣ አልሰማሁሽም። ጆሮዬ ደክሟል። ጮክ በይ» አልኳት። ከትሩፋት፣ ከሐኪሙና ከባንዱ ልጆች ውጭ ለሰው በአፌ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

ቀና አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ጎረቤቷ ከቤት እስክትወጣ ድረስ ጮኸች፦

«ስሟ ማነው አልኩ እኮ!»

ደብዳቤህን ከኪሴ አውጥቼ ፊቷ አነበብኩት። ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ። የለም። አልጻፍከውም።

«አልጻፈልኝም» አልኳት።

«ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ!» አለችና ወደ ጎረቤቷ ዞር ብላ «የልጅ ልጅ አለችኝ፤ ስሟን ግን የሚነግረኝ ጠፋ» አለቻት።

ሁለት ዓመት ስለ ሣጥን ስንጻጻፍ ከረምን። በሚመጣው ደብዳቤህ ስለ ኦም አንድም ቃል እንዳትጽፍ። የልጅቷን ስም ጻፍ።

ራጉኤል